ፍርድ ቤቱ «ይከላከል» አለ፤ ወንድሜ ተፈረደበት ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጣልቶ ‹ከባድ የአካል ጉዳት አድርሷል› ተብሎ ተከሷል። በዋስ ወጥቶ ነው የሚከራከረው። ዐቃቤ ሕግ 4 ምስክሮች አሰማ፤ የሐኪም ማስረጃም አያይዟል። ባለፈው ቀጠሮ ዳኛው ረጅም ነገር አነበቡና መጨረሻ ላይ ‹ይከላከል› አሉ። ችሎት ውስጥ የነበሩ ሰዎች ‹አለቀለት፣ ጥፋተኛ ተብሏል› አሉን። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ጠበቃ የለንም። ከተፈረደበት በኋላ መከላከያ ምስክር ማቅረብ ምን ይጠቅማል? ዋስትናውስ ይሰረዛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን ከፊት ላስቀድም። ወንድምሽ ጥፋተኛ አልተባለም። አልተፈረደበትም። ያን ቀን የተነበበው ብይን፣ ማለትም ክርክሩ ሳያልቅ በመሃል የሚሰጥ ውሳኔ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ይህንን ለእናታችሁ አሁኑኑ ንገሪያት፤ ቀሪውን ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ።

በጥብቅና ሥራዬ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። እኔን የሚያስጨንቁኝ ግን ሳይጠይቁ የሚቀሩት ናቸው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ይግባኝ እንድጽፍለት ቢሮዬ መጣ። መዝገቡን ሳገላብጥ ተከላከል ተብሎ አንድም ምስክር አላቀረበም። ለምን ስለው «ከፈረዱብኝ በኋላ ሰው ለምን ላስቸግር ብዬ ነው» አለኝ። ጸቡ ሲነሳ አጠገቡ የቆሙ 2 ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ቢጠሩ ይመጡ ነበር። በይግባኝ ደረጃ አዲስ ማስረጃ ማስገባት ደግሞ በጣም ጠባብ በር ነው። ያ ልጅ ዕድሉን ያጣው አንዲት ቃል በትክክል ስላልተነገረችው ነው። ስለዚህ ቃሏን ቀስ ብለን እንፍታት።

የወንጀል ችሎቶቻችን የሚመሩት በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ከበላዩ ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አለ። በዚህ አካሄድ መጀመሪያ ክሱ ይነበባል። ተከሳሹ በክሱ ላይ መቃወሚያ ካለው ያነሳል። ቀጥሎ የእምነት ክህደት ቃሉን ይሰጣል። «አልፈጸምኩም» ካለ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን ያሰማል። እስከዚህ ድረስ የተሰማው የአንድ ወገን ማስረጃ ብቻ ነው። ወንድምሽ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእሱ ወገን ገና አልተሰማም።

የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሲያልቅ ፍርድ ቤቱ ዝም ብሎ ወደ መከላከያ አያልፍም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 አንድ ጥያቄ እንዲመልስ ያስገድደዋል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ተከሳሹ አንዳች መልስ ባይሰጥ፣ ይህ ማስረጃ ብቻውን ጥፋተኛ ሊያሰኘው ይችላል ወይ? አይችልም ከሆነ ተከሳሹ አንድም ምስክር ሳይጠራ እዚያው በነፃ ይሰናበታል። ይችላል ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 142 መሠረት «ተከላከል» ይባላል።

ልብ በይልኝ፤ ጥያቄው ውስጥ «መልስ ባይሰጥ» የሚል ቃል አለ። ፍርድ ቤቱ የሚገምተው ተከሳሹ ዝም ቢል ምን ሊሆን እንደሚችል ነው። ወንድምሽ ግን ገና ዝም አላለም። ሊናገር ነው። ምስክር ሊያሰማ ነው። ሰነድ ሊያቀርብ ነው። ያ ሁሉ ከተሰማ በኋላ ነው ፍርድ ቤቱ ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመዝነው።

ሰዎች የሚሳሳቱበት ምክንያት ይገባኛል። ብይኑ ሲነበብ «ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ አቀራረብ አስረድቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። ይህ ጆሮ ላይ ሲወድቅ ፍርድ ይመስላል። ቋንቋው ለተራ ሰው ከባድ ነው። ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ «ይህ ፍርድ አይደለም፤ የመከላከል ዕድል ነው» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዱ ስንት ቤተሰብ ከጭንቀት በዳነ። አንዳንድ ዳኞች ያደርጉታል። ሁሉም ቢያደርጉት እመኛለሁ።

ብይኑ ሁልጊዜ «ይከላከል» ወይም «ነፃ» ብቻ አይደለም። ሦስተኛ መንገድ አለ። ማስረጃው የተከሰሰበትን አንቀጽ አላስረዳም፣ ነገር ግን ቀለል ያለ ሌላ ወንጀል ያሳያል ከተባለ ፍርድ ቤቱ አንቀጹን ቀይሮ «በዚህኛው ይከላከል» ሊል ይችላል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ምሳሌ የዞን 9 ጦማሪያን ጉዳይ ነው። ጥቅምት 2008 ዓ.ም. የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከተከሳሾቹ አራቱን መከላከል ሳያስፈልጋቸው በነፃ አሰናበተ። አንዱን ደግሞ ከሽብር ክሱ ነፃ ብሎ፣ አመፅ በማነሳሳት በሚለው የወንጀል ሕጉ ድንጋጌ እንዲከላከል አዘዘ። በአንድ ብይን ሁለቱም ነገር ሆነ ማለት ነው። ብይን ተራ የወረቀት ሥራ እንዳልሆነ ከዚህ ታያለሽ።

ስለዚህ የመጀመሪያ የቤት ሥራሽ ብይኑን ማንበብ ነው። ወንድምሽ ይከላከል የተባለው በየትኛው አንቀጽ ነው? በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ላይ ያለው ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ፅኑ እሥራት ሊያስቀጣ ይችላል። አንቀጽ 556 ላይ ያለው ቀላል የአካል ጉዳት ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። አንቀጹ ተቀይሮ ከሆነ እናንተ ሳታውቁት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የብይኑን ግልባጭ ጠይቁ። የምስክሮቹንም ቃል አብራችሁ ውሰዱ። ዳኛው ከወንበር ያነበቡትን በጆሮ ይዞ መከላከያ ማዘጋጀት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔ በዚህ መልስ ከምንም በላይ እንዲገባሽ የምፈልገው ይህንን ነው። «ተከላከል» ማለት «ንጹህ መሆንህን አረጋግጥ» ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። በራሱ ላይ በምስክርነት እንዲቀርብም አይገደድም። ይህ መብት ብይኑ በተነበበ ቀን አያልቅም። እስከ ፍርዱ ድረስ አብሮት ይሄዳል። የማስረዳት ሸክሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የዐቃቤ ሕግ ነው። ወንድምሽ የሚጠበቅበት በዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ላይ እውነተኛ ጥርጣሬ መፍጠር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ቅሬታ አለኝ። ፍርዶች ላይ «ተከሳሹ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ሊያስተባብል ስላልቻለ ጥፋተኛ ነው» የሚል አጻጻፍ በብዛት አነባለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ተለምዷል። ግን አደገኛ ነው። ሸክሙን ሳይታወቅ ወደ ተከሳሹ ጫንቃ ያዛውረዋል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ፍርዱ ማስረጃውን እንዲጠቅስ፣ የተቀበለበትንና ያልተቀበለበትን ምክንያት እንዲያስቀምጥ፣ የሕጉንም ድንጋጌ እንዲያሳይ ያዛል። «አላስተባበለም» ምክንያት አይደለም። ዳኛው ብይን ላይ የዐቃቤ ሕግን ምስክሮች አምኗቸው ቢሆን እንኳ፣ መከላከያውን ከሰማ በኋላ እንደ አዲስ ሊመዝናቸው ይገባል። ያኔ ያመነውን አሁን ላያምን ይችላል። ይህ መሆን ባይችል ኖሮ የመከላከያ ምስክር መስማት ለማስመሰል ብቻ በሆነ ነበር።

በሌላ በኩል ሐቁን ልንገርሽ። ተከላከል ተብሎ ምንም ሳያቀርብ የቀረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ ይባላል። ከላይ ያለውን ጥያቄ መልሰሽ ብታይው ምክንያቱ ይገባሻል። ፍርድ ቤቱ «ዝም ቢል ይበቃል» ብሎ ወስኖ ነበር፤ ሰውዬው ዝም አለ። ስለዚህ መብቱ መብት ሆኖ፣ ዝም ማለት በዚህ ሰዓት አይመከርም። «መከላከያ ምን ይጠቅማል?» ላልሽው መልሱ ይኸው ነው።

ታዲያ በምን ይከላከላል? እውነቱ ምንድን ነው? ከዚያ ነው የሚጀመረው። በቦታው ካልነበረ፣ የት እንደነበረ የሚያውቁ ሰዎች ይጠሩ። በቦታው ነበረ፣ ግን የመታው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ያንን ያዩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። መትቷል፣ ግን መጀመሪያ እሱ ላይ ዱላ ስለተነሳ ራሱን ለማዳን ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ነው፤ ሕጋዊ መከላከል ይባላል። ይህኛው ሲነሳ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «አልነበርኩም» እና «ነበርኩ፣ ራሴን ነው የተከላከልኩት» አብረው አይሄዱም። ሁለቱንም ልሞክር ያለ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

በእናንተ ጉዳይ ሰው የሚዘነጋው አራተኛ ነገር አለ። የሐኪሙ ማስረጃ ነው። ከባድና ቀላል ጉዳትን የሚለየው በአብዛኛው ያ ወረቀት ነው። ምን ይላል? ቋሚ ጉዳት አለ ይላል? ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ነበር ይላል? ወይስ ቁስሉን ብቻ ነው የገለጸው? ወረቀቱ ግልጽ ካልሆነ የጻፈው ሐኪም ቀርቦ እንዲያስረዳ መጠየቅ ይቻላል። ፍርድ ቤቱ ራሱም ለፍትሕ ያስፈልጋል ካለ ከፍርድ በፊት በማንኛውም ጊዜ ተጨማሪ ምስክር መጥራት ይችላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 143 ይህን ይፈቅድለታል። ወንድምሽ ነፃ ባይወጣ እንኳ ጉዳዩ ከ555 ወደ 556 ቢወርድ ልዩነቱ የዓመታት ልዩነት ነው።

«ጠበቃ ስላልነበረን ምስክሮቹን መስቀለኛ ጥያቄ አልጠየቅናቸውም» የሚል ጸጸትም ሊኖር ይችላል። በጥያቄሽ ላይ አላነሳሽውም፣ ግን እገምታለሁ። መስቀለኛ ጥያቄ የሌላውን ወገን ምስክር ቃል ለመፈተን የሚቀርብ ጥያቄ ነው። እዚህም ላይ ሕጉ ሰብዓዊ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 140 በአንድ ነጥብ ላይ መስቀለኛ ጥያቄ አለመጠየቅ ያንን ነጥብ እንደማመን አይቆጠርም ይላል። ስለዚህ ያለፈው አለፈ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የምስክሮቹን ቃል ከግልባጩ ላይ እርስ በርስ አስተያዩት። አንዱ «በድንጋይ መታው» ሌላው «በዱላ» ብሎ ከሆነ፣ አንዱ ማታ ሌላው ከሰዓት ካለ፣ አስምሩበት። በማጠቃለያ ንግግር ላይ ይነሳል።

ስለ ምስክሮች ጥቂት ልጨምር። ስማቸውንና አድራሻቸውን ለሬጅስትራር ታስመዘግባላችሁ፤ መጥሪያ ይወጣል። መጥሪያ ደርሶት ያለ ምክንያት የቀረ ምስክር በፖሊስ ተገዶ እንዲቀርብ ማሳዘዝ ይቻላል። ስለዚህ «እሱ እኮ አይመጣልንም» ብላችሁ አንድ ጠቃሚ ሰው አትተዉ። ብዛት አይደለም የሚፈለገው። ዓይኑ ያየ አንድ ሰው «ሰምቻለሁ» ከሚሉ አምስት ሰዎች ይበልጣል። ምስክር የሚሆን የቤተሰብ አባል ካለ ከአሁን ጀምሮ ችሎት ውስጥ ገብቶ አይቀመጥ። የሌላውን ቃል ሰምቶ የመጣ ምስክር ዋጋው ይወርዳል፤ ዐቃቤ ሕግም ይቃወመዋል። ደግሞ አደራ፣ ምስክር አታስጠኑ። የሐሰት ምስክርነት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ የተጠና ቃል ደግሞ በሁለተኛው መስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል።

ወንድምሽ ራሱ መናገር ይችላል። ይህ የተከሳሽነት ቃል ይባላል። ሕጉ እዚህ ላይ አንድ ጥበቃ አድርጎለታል። ቃሉን ሲሰጥ ከምስክሮቹ ቀድሞ ይናገራል፤ ዐቃቤ ሕግ ግን መስቀለኛ ጥያቄ ሊያቀርብለት አይችልም። ፍርድ ቤቱ ብቻ ግልጽ ያልሆነውን ለማጥራት ሊጠይቀው ይችላል። ብዙ ተከሳሾች ዐቃቤ ሕግ ያፋጥጠኛል ብለው በመፍራት ሳይናገሩ ይቀራሉ። አይፈራ። አጭር አድርጎ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ያየውንና ያደረገውን ይናገር። የእምነት ክህደት ቃሉን ሲሰጥ ከተናገረው ጋር የማይጋጭ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ጠበቃን በተመለከተ፦ አቅም ከሌላችሁ ወንድምሽ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተነስቶ «ጠበቃ ማቆም አልቻልኩም፤ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ይመድብልኝ» ይበል። ሕገ መንግሥቱ ጠበቃ በማጣት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። 15 ዓመት ድረስ ሊያስቀጣ በሚችል ክስ ላይ ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። ጥያቄውም መልሱም መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ያድርግ። ጊዜ ጠፍቷል ብላችሁ አትተዉት፤ ከመከላከያ በፊት የሚመጣ ጠበቃ ብዙ ያደርጋል። እንዲያውም ቀጠሮው ሳይደርስ ተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ብታነጋግሩ ይሻላል።

ስለ ዋስትናው፦ «ይከላከል» መባሉ ብቻውን ዋስትናን አያሰርዝም። እስካሁን በቀጠሮው እየቀረበ ከሆነ፣ ምስክር ካላስፈራራ፣ በዋስ ሆኖ ይቀጥላል። ተበዳዩንና ምስክሮቹን ግን አይጠጋቸው። ለሽምግልና እንኳ ቢሆን እሱ ራሱ አይሂድ፤ ሽማግሌዎች ይሂዱ። እርቁ ከሠመረ ክሱን የግድ አያዘጋም። ሆኖም ጥፋተኛ ቢባል ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ስለሚችል በከንቱ አይቀርም። ደግሞ አንድ ነገር ሳልነግርሽ አልለፍ። በፍርዱ ቀን ጥፋተኛ ከተባለ ዋስትናው በዚያው ሊቋረጥና ወደ ማረፊያ ቤት ሊወሰድ ይችላል። ያን ቀን ቤተሰብ ተዘጋጅቶ ይምጣ።

መከላከያው ተሰምቶ ሲያልቅ ሁለቱም ወገን ማጠቃለያ ያቀርባሉ። ዐቃቤ ሕግ ይቀድማል፤ የመጨረሻው ቃል የተከሳሹ ነው። ከዚያ ነው ፍርድ የሚባለው ነገር የሚመጣው። ነፃ ከተባለ ያበቃል፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ካልጠየቀ በስተቀር። ጥፋተኛ ከተባለ ደግሞ ወዲያው ቅጣት አይጣልም። ስለ ቅጣቱ ሁለቱም አስተያየት ይሰጣሉ። ከዚህ በፊት ተከሶ የማያውቅ መሆኑ፣ ቤተሰብ የሚረዳ መሆኑ፣ መጸጸቱ ሁሉ የሚነሳው ያኔ ነው። ማስረጃውን ከአሁኑ ሰብስቡ፤ ፋይሉ ውስጥ ተኝቶ ቢቀር ጉዳት የለውም።

በብይኑ ቅር ብትሉም አሁን ይግባኝ ልበል ብላችሁ አትድከሙ። ክርክሩን ገና ስላልቋጨ ቅሬታው የሚነሳው ከመጨረሻው ፍርድ ጋር ነው። ያኔ ግን ቀን ቁጠሩ። ይግባኝ ለመጠየቅ ማሰባችሁን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ታሳውቃላችሁ። የይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። ግልባጭ የጠየቃችሁበትንና የወሰዳችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አትጣሉ።

አሁን ግን እዚያ አልደረሳችሁም። ነገ ጠዋት የመዝገቡን ቁጥር ይዘሽ ሬጅስትራር ሂጂ፤ ብይኑንና የ4ቱን ምስክሮች ቃል ጠይቂ። ከሰዓት በኋላ ከወንድምሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ያን ቀን ማን ማን በቦታው እንደነበረ አንድ በአንድ ጻፉ።